ዱላዋን አጥር ሥር የምትተወው ዘርትሁን

ዘርትሁን ሳቅ አያልቅባትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ጉልበትና ስለ ትከሻ ላወራ ስለሆነ፣ የሚያነብ ሰው ገና ከመነሻው ከንፈሩን እንዳይመጥብኝ ብዬ ነው። ከንፈር የሚመጥላት አላጣችም። እሷ ግን ከሕመሙ ይልቅ የምትፈራው ያንን ድምፅ ነው።

ሁለታችንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነን። ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ፣ በአንድ ጤና ኬላ ውስጥ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። ቤት ለቤት እየዞርን እርጉዞችን እንመክራለን፣ ሕፃናትን እንከትባለን፣ መፀዳጃ ቤት ተቆፍሮ እንደሆነ እናያለን። ባጃጅ የሚያደርሰን እስከ አስፋልቱ ዳር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገትና ቁልቁለት፣ ቡናና እንሰት፣ አብዛኛውን ዓመት ደግሞ ጭቃ ነው። እሷ ታስቃለች፣ እኔ በዛወርቅ እቆጣለሁ። ቀበሌው ሁለታችንንም እንዳመላችን ለምዶናል።

ልጅ ሳለች አውራ ጣቷን ወደ ኋላ አጥፋ ክንዷን ታስነካ ነበር። ክርኗ የሰው ሁሉ ክርን ከሚቆምበት አልፎ ይሄዳል። በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ልጆች ይከቧትና አንድ ትርኢት በአንድ ቁራጭ ሸንኮራ ይዋዋሏታል። አጥንት የላትም ይሏት ነበር። እሷም ታምናቸውና ትኮራበት ነበር፤ አጥንት ያለው ሰው ለምን እንደሚኮራ አይገባኝም ነበር ትለኛለች።

ሥራ ከያዘች በኋላ ግን ያ ሁሉ መተጣጠፍ ፊቱን አዞረባት። ቁልቁለት ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ይጠመዘዛል፣ ቀኝ ጉልበቷ ሳታስበው ወደ ኋላ ይከዳታል፣ የክትባት ሳጥኑን ስታነሳ ትከሻዋ ከቦታው ይወጣል። ሠፈራችን ያለው ወጌሻ ስትመጣ ከሩቅ ሲያያት፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃታል። ይባስ ብሎ ሕመሟ ቀን ይመርጣል። ሰኞ ዕለት ቦይ በአንድ እርምጃ ተሻግራ ያያት ሰው ማክሰኞ ስታነክስ ሲያያት፣ ሥራ ጠልታ ነው ብሎ ያማታል። እኔ እንዲህ ከሚሉት ጋር ተጣልቻለሁ፤ አንዷን እንዲያውም እስከ ዛሬ ሰላም አልላትም።

በኋላ ቦንጋ ፀጋ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ተመድባ መጣች። ዘርትሁንን ጎትቼ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ፀጋ ጣቷን፣ ክርኗን፣ ጉልበቷን አንድ በአንድ እያጠፈች ካየች በኋላ፣ አጥንቷ ጤነኛ መሆኑን፣ ነገር ግን መገጣጠሚያዎቿን የሚያስሩት ጅማቶች ከተፈጥሮ ልል መሆናቸውን ነገረቻት። ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየቻትና፣ ለዳገቱ ደግሞ የሚደግፋት ነገር እንድትመርጥ መከረቻት። መምረጡ ቀላል መስሎን ነበር። ፀጋ ግን አስጠነቀቀችን፤ ለሌላ ሰው ድጋፍ ማለት ሸክሙን ከእግር ወደ እጅ ማዛወር ነው፣ የዘርትሁን እጅ ግን እንደ እግሯ ልል ስለሆነ ጉልበቷን ስናድን ትከሻዋን እንዳንገድል መጠንቀቅ አለብን አለችን።

እንዳለችውም ሆነ። መጀመሪያ በብብት የሚያዘውን ክራንች ተዋሰች። ገና የመጀመሪያው ዳገት አጋማሽ ላይ ትከሻዋ ወጣና፣ ክራንቹን እኔ ተሸክሜ እሷን ወጌሻው ቤት አደረስኳት። የእናቷ ወንድም አባ ወልደሥላሴ ይህን ሲሰሙ፣ ቅዳሴና ማኅሌት ሙሉ የሚያቆማቸው መቋሚያ ለእሷ እንደማያንስ ተናግረው የራሳቸውን ሰጧት። እሳቸው ረጅም ናቸው፣ እሷ አጭር ናት፤ በያዘችው ቁጥር አንድ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል። ከገበያ የገዛነው ከዘራ ደግሞ የወይራ ነበርና ክብደቱ የእጅ አንጓዋን አደከመው፤ ቀጭኑ ቆልማማ እጀታም ጣቶቿን ያጣምማቸዋል። ዊልቸሩን ቦንጋ አስፋልት ላይ ሞክራው እንደ ንግሥት ተንቀባረረችበት። ለገበያ ቀንና ለበዓል እወስደዋለሁ አለች። የእኛን ዳገት ግን ዊልቸር አይወጣውም።

በመጨረሻ ፀጋ ወደ ሰላሐዲን ላከችን። ሰላሐዲን ቦንጋ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ነው። ፀጋ የነገረችንን ነገርነው። እጀታው ወፍራምና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ቁመቱ ጫማ አድርጋ ስትቆም የእጅ አንጓዋ ጋ ይድረስ፤ ክብደቱ ይቅለል፤ ደግሞም ጉልበቷ የሚከዳት በቀኝ ስለሆነ በግራ እጇ የሚያዝ ይሁን። ሰላሐዲን የማር ሰም አሙቆ እንደ ሊጥ አድበለበለና በግራ እጇ ጨብጣ እንድታቆየው አደረገ። ሰሙ ሲደርቅ የመዳፏ ቅርጽ ቀረበት። በዚያ ልክ ከዋንዛ እጀታ ቀረጸ፤ ዘንጉን ከቀርከሃ አደረገው፤ ጫፉን በአሮጌ የባጃጅ ጎማ ጫማ አለበሰው። እጀታውን ዝናብ እንዳያንሸራትተው በዚያው ሰም አሸው። ዘርትሁን ጨብጣው ከሱቁ ደጃፍ እስከ መንገዱ ሄዳ ተመለሰችና ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ደስ ብሏታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዱላ ተሠርቶላት ታዲያ ምን አደረገችው? አጥር ሥር ትጥለዋለች! መንገድ ላይ ትይዘዋለች፤ የሰው ደጅ ስንደርስ ግን ከቡናው እግር ሥር ሸጉጣው ባዶ እጇን ትገባለች። ምን ነካሽ ስላት፣ ራሷን ያላዳነች ጤና ሠራተኛ እኛን ልትመክር መጣች ይሉኛል አለችኝ። አክስቷ ደግሞ ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ከዘራ ከያዘች ማን ያገባታል ብላታለች። የአክስቷን ስቃ አለፈችው፤ የመጀመሪያውን ግን ልቧ ውስጥ አስቀምጣዋለች። አንድ ቀን የሸጎጠችበት አጥር ጠፍቶባት፣ እኔ ጭቃ ለጭቃ እየዞርኩ ስንት ቡና ሥር አጎነበስኩ። ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

የፈራሁት የደረሰው አቶ አባተ ግቢ ውስጥ ነው። አቶ አባተ ከቀበሌው ሁሉ ከፍ ያለው ኮረብታ ላይ የሚኖሩ፣ ቡናና ማር ያላቸው፣ ክብራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ዘርትሁን እንደ ልማዷ ዱላውን በር ላይ ትታ ገባች። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው ቁልቁል ቀይ አፈር ነው። ዝናብ ነበር፣ እሷም ቸኩላ ነበር፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጉልበቷ ከዳትና ከነክትባት ሳጥኑ ተንሸራተተች። አቶ አባተና ባለቤታቸው እትዬ ዙፋን ሮጠው አነሷት። ሳጥኑ ደህና ነበር፣ ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ወረዳ ደረሰ።

ወረዳው በበኩሉ አሰበላት። ቦንጋ ካርድ ክፍል ውስጥ ወንበር አለ፣ ቁጭ ብላ ትሥራ አሉ። ክፉ አላሰቡም፤ ለዘርትሁን ግን ይህ ማለት ያን ሁሉ ቤት ማጣት ነው። በእጇ የከተበቻቸው ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛዋ እናት ሐኪም ቤት እንደምትፈራ፣ የማን ባል መድኃኒት እንደሚደብቅ ታውቃለች። ስሟን ከሩቅ እየጠሩ ሕፃናት ይከተሏታል። ከዚያ ሁሉ ነጥሎ ከካርድ መደርደሪያ ጋር ማስቀመጥ እኔን እንኳ ቁጡዋን አላስቻለኝም። ከመወሰናቸው በፊት ግን መንገዱን መሄድ ትችል እንደሆነ በዓይኑ የሚያይ ሱፐርቫይዘር እንደሚልኩ ነገሩን።

የመጣው ኢሳያስ ነው፤ በቅርብ ጊዜ ከሌላ ክልል የተመደበ፣ ትሑትና ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት። ገና ከአስፋልቱ ሳይርቅ ዝናብ ወርዶ ጃኬቱን አበሰበሰው። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት ኸይሪያ አይታው አዘነችና የባሏን ጋቢ አለበሰችው። እኔና ዘርትሁንም ብርዱን ፈርተን ጋቢ ተከናንበናል። እንግዲህ ሦስታችንም ነጭ በነጭ ሆነን፣ ከፊት ዘርትሁን በዱላዋ እየተደገፈች፣ በዝግታ ዳገቱን ተያያዝነው። ኢሳያስ ትንፋሽ እያጠረው ፍጥነታችን ይህ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ዘርትሁን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለችው። ቀድማው ስለነበር ብዙ መከራከር አልቻለም።

መጀመሪያ ወዴት እንሂድ ስንለው የወደቀችበትን ቤት ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። የአቶ አባተ በር ላይ ስንደርስ ዘርትሁን ቆመች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ቡናው ሥር ሄደ። ከበሩ ወዲያ ያ ቀይ ቁልቁል በውሃ ያብረቀርቃል። እኔ ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን መልሼ ዘጋሁት። ሱፐርቫይዘሩ አጠገቧ ቆሟል፤ ዱላውን ይዛ ብትገባ በቤቱ ሰው ፊት አለመቻሏን በራሷ እጅ ማስመስከሯ መሰላት፤ ትታው ብትገባ ደግሞ ያ አፈር አለ። ከዚያ ሳቀች።

“በዙ፣ ከወደቅሁም ይዤው ልውደቅ” አለችኝ፤ ከነዱላዋም ገባች።

አልወደቀችም። የጎማው ጫፍ አፈሩን ነከሰው፣ እሷም እየደገፈች አንድ አንድ እያለች ወረደች። የተንሸራተተው ኢሳያስ ነበር፤ እኔ ነኝ በጋቢው የያዝኩት። ቀና ስንል አቶ አባተ በረንዳቸው ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰው ይራወጣል፣ ወንበር ይጎተታል፣ አጎዛ ይነጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አቶ አባተ አልጣሽ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ሺሺንዳ የሚያስተምረው ማዕረግ ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን በሞተር ብስክሌት መጥተው፣ ቸኩለው፣ ሳይሳካላቸው ተመልሰዋል። ቤቱ ደግመው እንደሚመጡ ሲጠብቅ ሰንብቷል። በዚያ ጠዋት ታዲያ ከኮረብታው ላይ ሆነው ያዩት ምንድን ነው? ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች፣ ፊት ያለው ከዘራ ይዞ፣ በዝግታ ሲወጡ። ይህን አይቶ ጤና ኤክስቴንሽን መጣ የሚል የእኛ አገር ሰው የለም።

ዘርትሁንን መሐል አጎዛው ላይ አስቀመጧት፣ እኔንና ኢሳያስን ግራና ቀኝ። አቶ አባተ አልተቀመጡም። ሲያዩዋት በእርግጥ ደንገጥ ብለዋል፤ ወዲያው ግን የገባቸው መሰላቸው፤ ልጃቸውን ከትንሽነቷ የምታውቅ ሰው ብልህ መልእክተኛ ናት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልመናችሁን ሳትጀምሩ እኔ ልናገር” አሉ። “ፊት የመጡት የሞተራቸውን ድምፅ እንኳ ሳያጠፉ ነው የጠየቁኝ። ልጄ የባጃጅ ዕቃ አይደለችም ብዬ መለስኳቸው። ዛሬ ግን ይቺ ልጅ፣ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ወድቃ የሄደችው፣ ዝናብ ሳትል ዱላዋን ይዛ ዳገቱን በእግሯ ወጣችልኝ። ከዚህ በላይ ሽምግልና አላውቅም። ሰጥቻለሁ።”

ኢሳያስ የያዘው ሰጥቻለሁ የሚለውን ብቻ ነውና ለጉብኝቱ ፈቃድ የተሰጠው መሰለው። ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ነሣና እግዚአብሔር ይስጥልን አለ። ይህን ሲል እትዬ ዙፋን ጓዳ ሆነው እልልታውን አቀለጡት፤ ከታችኛው ቤት ጎረቤት ተቀበላቸው፤ ከወዲያኛው ኮረብታ ደግሞ ሌላ። ዘርትሁን ነገሩ የገባት አቶ አባተ ልጄ ያሉ ጊዜ ነው። ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ ከሳቋ ይልቅ ትከሻዋ ይወጣል ብዬ ተጨነቅሁ። ኢሳያስም በዚያ እልልታ መሐል፣ በጣም ደስ ብሎት፣ እንግዲህ መፀዳጃ ቤቱን እንየው አለ።

የእትዬ ዙፋን እልልታ መሐል ላይ ተቆረጠ።

ዘርትሁን በዱላዋ ተደግፋ ተነሣች። ሳቋን ዋጠችና እውነቱን ነገረቻቸው። የመጣነው ለልጅዎ አይደለም፤ ስለ እኔ ነው የመጣነው አለች። ይህን መንገድ መሄድ እችል እንደሆነ ሊታይ፣ ካልቻልኩ ቦንጋ ልቀመጥ። ዱላውንም እስከ ዛሬ በርዎ ላይ እየደበቅሁ የምገባው አፍሬ ነው፤ ያን ቀን የወደቅሁትም ስለተውኩት ነው አለቻቸው። እኔ ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት እየጮህኩ ያላስወጣሁትን ቃል፣ በሰው ቤት መሐል ቆማ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

አቶ አባተ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ወደ ጓዳው አዩ፤ አልጣሽ መጋረጃውን ይዛ ቆማ አባቷን አተኩራ ታያለች። ወደ ደጁ አዩ፤ እልልታ የሰሙ ጎረቤቶች ዝናቡን እየሸሹ በረንዳው ላይ ተሰብስበዋል። ከዚያ አቶ አባተ ከሆዳቸው ሳቁ። ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም አሉ። ልጁ ካልላካት እኔ ልኬያታለሁ፤ ወርዳ ለማዕረግ ትንገረው፣ ሽማግሌዎቹንም በእግራቸው ትምራቸው አሉ። ወደ ኢሳያስም ዞሩ።

“እንግዲህ ጌታዬ፣ ይቺን ልጅ ከዚህ ዳገት ካነሷት ሽምግልናዬን ማን ይጨርስልኛል?”

ኢሳያስ ጭቃ የበላውን ጫማውን አየ፤ ከዚያ የዘርትሁንን ዱላ። መንገድሽን አልነካውም አላት። አንድ ነገር ግን አለ፤ ዱላሽን አጥር ሥር ካገኘሁት ያኔ ካርድ ክፍል እወስድሻለሁ። ከዚያ ቆጮና ማር ቀረበ። መፀዳጃ ቤቱንም አየነው፤ ምንም አይወጣለትም።

ሽምግልናው የተጨረሰው በወጉ ነው። ዘርትሁን የማዕረግን ሽማግሌዎች ከአስፋልቱ ጀምራ በእግራቸው አወጣቻቸው፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ዱላዋን እንድታውሳቸው ለምነዋታል። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሆነ። ዘርትሁን ለሠርጉ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ አሰፋች፣ ጸጉሯን ተሠራች፣ ባጃጅ ውስጥም እየዘፈነች መጣች።

ዳሱ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ነው እጇ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ፎቶ ይነሣል ብላ፣ አዲስ ቀሚስ ነው ብላ፣ የድሮ አመሏ አሸንፏት፣ ዱላውን በር ላይ ትታዋለች። ልቆጣት ስል አቶ አባተ ቀደሙኝ። እሳቸውም አይተዋታል። የሙሽራ አባት ናቸው፣ እንግዳው ሁሉ ዓይኑን ጥሎባቸዋል፤ ከዳሱ ወጡና ዝናብ ውስጥ ገቡ። ቡናው ሥር ሲያጎነብሱ በዳሱ ቀዳዳ ይታዩኛል። ዱላውን ይዘው ተመለሱ። ጭቃውን በአዲሱ ጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ በሰው መሐል አለፉና ፊቷ ቆሙ።

“ሽማግሌዬን ያለ ከዘራ ማነው ያስገባት?” አሉና በሁለት እጃቸው ሰጧት።

ከንፈር የመጠጠ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ወንበራቸው ላይ ቦታ ለቀቁላት። ሳቅ የማያልቅባት ዘርትሁን ያን ጊዜ አለቀባት፤ እጀታውን ጨብጣ አለቀሰች። እኔ ቁጡዋ ምን እንደማደርግ ጠፋኝና እልል አልኩ። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ጠረገች። እስክስታ ትከሻዋን ስለሚያወጣባት አትሞክረውም፤ በዱላዋ መሬቱን እየመታች ጭፈራውን በእግሯ ብቻ ወረደችበት፤ ዘፋኙም ምቱን ከእሷ ተቀብሎ ቀጠለ።